ተመላሹ በምን ይመዘናል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ መንገደኛ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነቀምት ይገባል። ከነቀምት ብዙም ሳትርቅ ጉቴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሯጩ ማርቆስ ገነቲ የተወለደው እዚያ ነው። ማርቆስ 20 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ቡዳፔስት በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2003 ዓ.ም.፣ ዶፍ በሚወርድበት የሎስ አንጀለስ ጎዳና ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የውድድሩንም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የማይወድ ከተማ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ በሚተረክበት ጊዜ ሁለቱ ጫፎች፣ ሜዳሊያውና ድሉ፣ ጎልተው ይነሣሉ እንጂ በመካከል ያሉትን 7 ዓመታት የሚያነሣቸው የለም። መካከሉ እንደ ባዶ ስፍራ ይዘለላል። በዚህ ዝላይ ውስጥ ደግሞ በቀላሉ የማይታለፍ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተሸሽጓል፤ ሰው ከሙያው ርቆ ሲመለስ በምን ይመዘናል? ርቆ የቆየበትስ ዘመን በማን ሒሳብ ይመዘገባል?

ለጥያቄው ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የደራርቱ ቱሉ ነው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው የአርሲዋ ልጅ፣ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ 4ኛ ወጣች። በ1990 ዓ.ም. ልጅ ወለደች። ስፖርት ነክ ወሬ አንዴ «ተሸነፈች»፣ አንዴም «ወልዳለች» ካለ በኋላ ብዙውን ጊዜ ነጥብ ያደርጋል። መስከረም 1993 ዓ.ም. ግን ሲድኒ ላይ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሴኮንድ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደች፤ ጌጤ ዋሚም 2ኛ ሆና ተከተለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትነቷ በአድናቆት ይነገራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። እናትነቱ ክቡር የሆነው ወርቁ ስለተገኘ ነውን? ደራርቱ በሲድኒ 11ኛ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ያ የወሊድና የማሳደግ ጊዜ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? መልሱ የሚያኮራ አይደለም። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታልና፣ ያው ዘመን «የባከነ» ይባል ነበር። እንግዲህ ፈራጁ የሚፈርደው በራቀው ሰው ምክንያት ላይ ሳይሆን በኋላ በተገኘው ውጤት ላይ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ግን ውድድሩ ከመካሄዱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። መውለድ ትክክል ከነበረ ከሲድኒ በፊትም ትክክል ነበር። ውጤት ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ምክንያት ጽድቅ ወይም ኃጢአት ሊያደርገው አይችልም፤ ሊያደርገው የሚሞክረው የተመልካች ስንፍና ነው።

በዚያው በሲድኒ ትራያትሎን የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ገብቷል። ተወዳዳሪው 1500 ሜትር ይዋኛል፣ 40 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጋልባል፣ በመጨረሻም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ለወለጋ ወጣት ሩቅ ነገር ነው፤ የመዋኛ ገንዳ እንደ ልብ አይገኝም፣ ዴዴሳም ጉማሬ ያለበት ወንዝ ስለሆነ ለዋና ልምምድ የሚመከር አይደለም። ሆኖም የዚህ ስፖርት አንድ ደንብ ከያዝነው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ዋናተኛው ከውኃ ወጥቶ ልብሱን ሲያወልቅ፣ የራስ ቁሩን ደፍቶ ብስክሌቱን ሲያነሣ፣ በኋላም ከብስክሌቱ ወርዶ የሩጫ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ ሰዓቱ አይቆምም። በዚያች ደቂቃ ተወዳዳሪው አይዋኝም፣ አይጋልብም፣ አይሮጥም፤ ነገር ግን በውድድር ላይ ነው። የምትቆጠርለትም የምትቆጠርበትም እርሷው ናት።

የሰው ልጅ የሥራ ዘመንም ከዚህ ብዙ አይለይም። አካል ከልምምድ ሲርቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል፣ ጡንቻም የለመደውን ይረሳል። ይህ በልመናም በቁጭትም አይሻርም። ተመላሹ ትናንት ካቆመበት አይጀምርም፤ ከትናንት ወዲያም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። «ወደ ቀድሞው ተመለሰ» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ሐሰት አለበት። የቀድሞው የለም፤ ያለው ያን ሁሉ ጊዜ የኖረ ሌላ ሰው ነው።

ይህን ከአበበ ቢቂላ በላይ ያሳየ የለም። የሮምና የቶኪዮ ባለድሉ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን መጠቀም ተሳነው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተንሸራታች በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ተካፍሎ አሸነፈ። በረዶ ባልለመደ አገር የተወለደ ሰው! ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ሐውልትና ብዙ ሥዕል አለ፤ ስለ በረዶው ግን ሠዓሊዎቻችን ዝም ብለዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ የቀድሞውን አበበ የሚመስል አበበ በዚያ በረዶ ላይ አይገኝም። አበበ ግን ራሱን ለመምሰል አልሄደም። ለመወዳደር ነው የሄደው።

ከሙያ መራቅ በራስ ምርጫ ወይም በአደጋ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በሌላ አካል ውሳኔም ይመጣል። ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ አመለጠው። በ1968 ዓ.ም. አፍሪካውያን መንግሥታት የዘር መድልዎን በመቃወም የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ሲረግጡ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። ዓላማው ትክክል ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን የሯጩ ዕድሜ ነው። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ሲያገኝ አዳራሾች ሁሉ ጨበጨቡ፤ ዕዳውም በዚያ ጭብጨባ የተከፈለ መሰለ። ከሞንትሪያል ቀርተው ለሞስኮ ያልደረሱትስ? የጋራ ዓላማ ከአንድ ሰው ላይ አራት ዓመት ሲወስድ፣ ያ ሰው በኋላ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ወሳጁ ባለዕዳ ነው። ይህን መናገር ዓላማውን አያሳንሰውም።

ነቀምት ስለ መመለስ ከስፖርት በፊትም የምታውቀው ነገር አላት። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወልዶ በሕፃንነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወሰደ። ነፃ ወጥቶ፣ ተምሮ፣ ወደ ወገኑ ለመግባት ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ያልተሳካለት ዘመን ግን ቁጭ ብሎ የተጠበቀ ዘመን አልነበረም፤ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ። በ1896 ዓ.ም. ነቀምት ሲደርስ የመጣባት ከተማ የወጣባት መንደር አልነበረችም። ሰውየውም ያ ሕፃን አልነበረም። የከተማዋ ሰዎች «ለምን ዘገየህ?» ብለው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። መጽሐፉ የተሠራው ግን በዚያው መዘግየት ውስጥ ነው።

ዛሬ ጥያቄው ለወለጋ ከተሞች የሩቅ ፍልስፍና አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የቆየው የትጥቅ ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት ቤት አዘግቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጠው ነበር። በእነዚህ ዓመታት ዕድሜያቸው ለሩጫ የደረሰ ልጆች ከሜዳ ርቀዋል። አንዳንዱ እየተመለሰ ነው። ከእነዚህ መካከል ማርቆስን የሚሆን ይኖር ይሆናል፤ የአብዛኛው ስም ግን በየትኛውም ጋዜጣ አይወጣም። የከተማው ባህልና ስፖርት ሠራተኛ፣ መምህሩ፣ ካድሬው የሚፈተኑት በእነዚህ በአብዛኞቹ ነው።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ስፖርት ልኬት ነው፣ ሰዓት አያዝንም፣ በቡድን ውስጥ ያለው ቦታም የተቆጠረ ነው። በአስቸጋሪው ጊዜ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች የሠራችው ልጅ፣ ትናንት ለተመለሰችው በርኅራኄ ቦታዋን ብትነጠቅ ይህ ሌላ በደል ነው። እውነት ነው። ተመላሽን ማክበር ማለት ያልቀረውን መበደል ከሆነ ክብሩ ይቅር። ነገር ግን ቦታና በር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቦታን የሚሰጥ ሰዓት ነው፤ በርን የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ቦታ የለም ተብሎ በሩም አብሮ መዘጋቱ ነው። «ያኔ የት ነበርሽ?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለመዝጊያነት ይበቃል።

ደራርቱ ጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ አብራት ትሮጥ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች፤ እርሷም ወልዳ የተመለሰች ናት። ፓውላ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዘወር እያለች እንድትከተላት ታበረታታት ነበር። ፓውላ 4ኛ ወጣች። ደራርቱ ቦታዋን አልሰጠቻትም፤ በሩን ግን ራሷ ይዛላት ቆየች።

እስቲ በነጆ ወይም በጊምቢ አንድ የስፖርት መምህር ይታሰብ። ለዞን ውድድር በ1500 ሜትር አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያስመዘግባል። ሁለት ልጆች ሜዳው ላይ ቆመዋል፤ አንደኛዋ ያልቀረችው፣ ሌላዋ ሦስት ዓመት ርቃ ባለፈው ወር የመጣችው። ሁለቱም ይሮጣሉ። ያልቀረችው በ14 ሴኮንድ ትቀድማለች። መምህሩ የእርሷን ስም በቅጹ ላይ ይጽፋል። ሁለተኛዋ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታ ማሰሪያውን ትፈታለች፣ መልሳም ታስራለች። ወደ እርሷ ይሄድና ነገ ልምምዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንደሚጀምር ይነግራታል።