ማሽኑ ያልተጠየቀውን አይመልስም

ልጄ፣ የስኳር ክትትል ክፍል መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓይን የሚመረምር ካሜራ ይዋል ይደር እንጂ አንቺም ክፍል መግባቱ አይቀርምና ጥቂት ልምከርሽ።

መጀመሪያ ነገር አትናቂው። ስኳር ሬቲናን የሚጎዳው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች አብጠው ደምና ፈሳሽ ሲያንጠባጥቡ እንኳ ታካሚው አጥርቶ ሊያይ ይችላል። «ዓይኔ ጨለመብኝ» ብሎ ሲመጣ ብዙው ጉዳት ደርሷል። ቀድሞ ከተደረሰበት ግን ሌዘርም መርፌም አለለት፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የዓይን ሐኪም በሌለበት ቦታ ይህን ቀድሞ የሚያይ መሣሪያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ልኩን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ሐኪም ፎቶውን ሳያነብለት በራሱ ውጤት የሚሰጥ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። 900 የስኳር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ጉዳቱ ከቀላል ደረጃ ካለፈባቸው ከመቶው 87 ያህሉን ለይቷል። የቀሩት አምልጠውታል። ስለዚህ ማሽኑ ያሳለፈውንም ሰው ለከርሞ ቅጠሪው።

ደግሞም ያ መሣሪያ የተሠራው ስኳር ለሚያመጣው የሬቲና ጉዳት ብቻ ነው። ስለ ግላኮማም ሆነ ስለ ሞራ አልተጠየቀም፤ አይመልስምም። በአገራችን ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤ ሞራ ነበር። ከገጠር የመጡ አባት «ዓይንዎ ደህና ነው» ከተባሉ፣ ብዥ ሲላቸው «እርጅና ነው» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። «ስኳሩ ሬቲናዎን የጎዳበት ምልክት አልታየም» በያቸው። ብዥታ ወይም ሕመም አለኝ የሚልሽን ግን ካሜራው ምንም ይበል ወደ ዓይን ሐኪም ላኪው።

ፎቶ ስታነሺ አትቸኩዪ። ጉግል ለዚሁ ምርመራ የሠራው መሣሪያ በታይላንድ ክሊኒኮች ሥራ ላይ ሲውል ከአምስት ፎቶ አንድ ያህሉን አላነብም ብሎ መልሷል፤ አንዱ ምክንያት ክፍሎቹ በቂ ጨለማ አለመሆናቸው ነው። መጋረጃውን ዝጊ፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ታገሺ፣ ሌንሱ ላይ አቧራ እንዳይኖር እዪ።

እዚያው ታይላንድ፣ ታካሚዎች ሩቅ ሆስፒታል መላካቸው ያሳሰባቸው ነርሶች ታካሚዎቹ መሣሪያው በሚፈተሽበት ጥናት እንዳይሳተፉ እስከ መምከር ደርሰው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የመንገዱን ጣጣ ያውቁታል። ግን ሪፈር ጽፎ መሸኘትም ሆነ ምርመራውን ማስቀረት ዓይን አያድንም። የላክሻቸውን ሁሉ በመዝገብ ያዢ፤ ያልደረሰውን ደውለሽ ለምን እንደቀረ ጠይቂ። በሽታውን ካሜራው ቢያገኘውም የሚድነው ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው ነው፤ ማድረሱ ያንቺ ሥራ ነው።