ዛፉን የሸጠ ጉቶውንም ይንቀል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ጽሑፌ ከእርሻችን ድንበር ላይ ስለ ነቀልነው የባሕር ዛፍ ጉቶ እነግራችኋለሁ። ነገሩ የግብርና ቢመስልም መጨረሻው የንስሐ ጥያቄ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደገ ሁሉ ባሕር ዛፍን ያውቃል። ይህ ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተቸግራ ነበር። ዛሬ የብዙዎቻችን ቤት የሚሠራው በእርሱ አጣና፣ እንጀራችንም የሚጋገረው በእርሱ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ስለዚህ ዛፉን ልረግመው አልተነሣሁም። ነገር ግን ከእርሻ ድንበር ላይ ሲተከል ሥሩ ወሰን አያውቅምና የጎረቤትን ውኃና የአፈር ልምላሜ ይሻማል፤ ጥላውም ሰብሉን ያቀጭጫል። ቢቆርጡትም አይሞትም። ከጉቶው ቅርፊት ሥር የተኙ እንቡጦች ግንዱ ሲወድቅ ይነቃሉ። የቆየው ሥር ምግብና ውኃ ስለሚያቀብላቸውም ከዘር ከበቀለ ችግኝ ፈጥነው ያድጋሉ። አንድ የነበረው ብዙ ሆኖ ይነሣል።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ማሳችን ድንበር ላይ አያቴ የተከላቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ። ከድንበሩ ወዲያ ያለው የአንዲት ባልቴት የስንዴ ማሳ ነው። ስንዴያቸው ከዛፎቹ አጠገብ በየዓመቱ ይቀጭጭ ነበር። አባቴ ዛፎቹን አስቆርጦ አጣናውን ከሸጠ በኋላ፣ «እንግዲህ ጥላው ተነሣልዎት» አላቸው። እርሳቸውም መረቁት። በሁለተኛው ክረምት ግን ጉቶው ሁሉ አቆጥቁጦ ከሰው ቁመት በለጠ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ አባቴ ዶማና መጥረቢያ አቀበለኝ። እኔም የተማርኩ መስሎኝ፣ ዛፉን የተከለው አያቴ እንደ ሆነ፣ ልጅም በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ማስተማሩን ጠቀስሁለት። አባቴ ሳቅ አለና፣ «ኃጢአቱን ተሸከም አላልሁህም። የአጣናው ዋጋ ግን ደብተርህን ገዝቷል። ትርፉን ስንካፈል ዝም ብለህ፣ ድካሙ ሲመጣ ነቢይ ትጠራለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሥራው እንደ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእያንዳንዱን ጉቶ ዙሪያ ቆፈርን፤ የጎን ሥሮቹን አንድ በአንድ ቆረጥን፤ ከዚያም ረጅም እንጨት ከሥር አስገብተን ፈነቀልነው። ዛፉን ለመቁረጥ አንድ ሰዓት ያልፈጀ፣ ጉቶውን ለመንቀል ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔም እጄ ቆስሎ ሳለ ስለ ንስሐ አሰብሁ።

ለመሆኑ ክፉ ሥራን ማቆም ብቻውን ንስሐ ነውን? ወንድሙን ያማ ሰው ሐሜቱን ቢተው መልካም አደረገ። ነገር ግን የተናገረው ነገር በሰሚዎቹ ልብ ውስጥ ጉቶ ሆኖ ቀርቷል፤ ሐሜተኛው ዝም ቢልም እርሱ ያቆጠቁጣል። ወደ ሰሚዎቹ ተመልሶ «የነገርኋችሁ ሐሰት ነበር» ማለት እጅ የሚያቆስለው ቁፋሮ ነው። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ከእንግዲህ አልቀማም ብሎ አላበቃም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ዛፉን ቆርጠን፣ ዋጋውን በልተን፣ ምርቃቱን ተቀብለን ጉቶውን ለጎረቤት እንተዋለን።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ባልቴቷ ቆሎና ጠላ ይዘው መጡ። እኔም በቁፋሮው ተነሣሥቼ በዚያው ድንበር ላይ ወደ ነበረች አንዲት የወይራ ጉቶ ዶማዬን አነሣሁ። እርሳቸውም፣ «ተው ልጄ፣ እርሷን ተዋት! እርሷ ጎድታኝ አታውቅም፤ ታቆጥቁጥ» አሉኝ። ዶማዬን መለስሁ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ትምህርት አገኘሁ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 ትዕቢተኛው ንጉሥ በተቆረጠ ዛፍ ተመስሏል፤ ጉቶው ግን በምድር ውስጥ እንዲቀር ተፈቀደለት። ትዕቢቱ ተቆረጠ፤ ሰውየው ለመመለስ ጊዜ ተሰጠው። እኛም የበደልን ጉቶ ስንነቅል በዳዩን አብረን ለመንቀል የምንቸኩል ከሆነ፣ ወይራውን ከባሕር ዛፉ አልለየንም ማለት ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ እያንዳንዳችን ቆርጠን ሸጠን የረሳነው ዛፍ በማን ድንበር ላይ እያቆጠቆጠ እንደ ሆነ እንመርምር። ዶማውን በገዛ ሥራችን ላይ እናንሣ፤ በወንድማችን ላይ ግን እንመልሰው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።