የላኪው ፈቃድ

የእህቴ ልጅ እንጀራው የስልክ አፕ መሥራት ነው። ባለፈው ዓመት «ጋሼ፣ ገቢና ወጪ የሚያሰላ አፕ ሠርቻለሁ፤ ይሞክሩልኝ» ብሎ ስልኬ ላይ ጫነው። ከባንክ የሚመጣውን አጭር መልእክት እያነበበ ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ይቀንሳል። ስልኩ «መልእክቶችዎን እንዲያነብ ይፈቅዳሉ?» አለኝ። ፈቀድኩ።

በሳምንቱ ሒሳቡን አብረን ስናይ የማላውቀው 20,000 ብር ገቢ ተመዝግቧል። «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ ልጁ ሲከፍተው የባንክ መልእክት አልነበረም። አንድ የቆየ ወዳጄ ለሕክምና ብር እንዳበድረው የጻፈልኝ ነው፤ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ሕመም ጠቅሶ። አፑ «ብር» የምትለዋን ቃል ሲያይ ጊዜ ቀለባት። ልጁ አቀረቀረ። «ግን እኮ ጋሼ፣ ፈቅደዋል» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ። ወዳጄንስ ማን ጠየቀው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዊንዶውስ ሞባይል 5.0 ገቢ መልእክትን ሣጥን ሳይገባ የሚጠልፍ፣ ካስፈለገም ባለቤቱ ሳያየው የሚያጠፋ መሣሪያ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሰጥቶ ነበር። በአንድሮይድም ቢሆን አንድ አፕ መልእክቱን ውጦ ማስቀረት ይችል ነበር፤ ይህ የቀረው በ2013 አንድሮይድ 4.4 ሲመጣ ነው። ማንበቡ ግን በፈቃድ ቀጠለ። በ2018 ጉግል በመደብሩ ያሉ አፖች ዋና ሥራቸው ካላስገደዳቸው በቀር ይህን ፈቃድ እንዳይጠይቁ ገደበ። ደግ አደረገ። ዞሮ ዞሮ ግን የሚጠየቀው የስልኩ ባለቤት ነው። ላኪው የለበትም።

«መልእክቱ ከደረሰኝ በኋላ የኔ ነው፤ ለማንስ ባሳይ?» የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን የሰው ምሥጢር ባወጣ እንኳ አውጪው እኔ ነኝ፤ አንብቤ፣ አመዛዝኜ፣ ኃጢአቱንም ተሸክሜ። እዚህ ላይ ግን ገና ላልተጻፈ ደብዳቤ አስቀድሜ ፈረምኩ።

በልጅነታችን ፊደል የቆጠርን ልጆች ለጎረቤት እናቶች ደብዳቤ እናነብ ነበር። ታዲያ ጸሐፊው እናቱ ማንበብ እንደማትችል፣ አንድ የሰፈር ልጅ እንደሚያነብላት ያውቃል። ስለዚህ የሚጻፈውን ይጽፍና የማይጻፈውን እስኪገናኙ ያቆየዋል። ወዳጄ ይህን ዕድል አላገኘም። ሁለት ሆነን የምናወራ መስሎታል።

ልጁ አፑን አስተካክሎታል፤ አሁን መጀመሪያ ላኪው ማን እንደሆነ ያያል፣ ባንኩ ካልሆነ ሳያነብ ያልፋል። እኔም ብሩን ልኬ ወዳጄ ጋ ደወልኩና የሆነውን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «ግድ የለም፤ የቀረውን በአካል ስንገናኝ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት ጽፎልኝ አያውቅም።