ሐረርን ወለጋ ያደረሳት መስመር

የካርታ መረጃ ማደራጀት እንጀራዬ ነው። ብዙዎች የኮምፒውተር ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል፤ እኔን ግን በየዕለቱ የሚሞግተኝ ቅርበትና ርቀት ከመሬቱ ናቸው ወይስ ከእኛ የሚለው ጥያቄ ነው።

ድሬዳዋና ሐረርን እንውሰድ። ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያን ያለፈ ሰው ወዲያው ሐረር ነው፤ ጫቱም ሙሽራውም ይመላለሳል። ይሁንና 42ኛው የኬንትሮስ መስመር በመካከላቸው ስለሚያልፍ፣ ዩቲኤም በተባለው የካርታ ዞን አከፋፈል ድሬዳዋ ዞን 37፣ ሐረር ዞን 38 ውስጥ ይወድቃሉ። ልኬቱ በየዞኑ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ የድሬዳዋ የምሥራቅ ልኬት ከ800 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ የሐረር 200 ሺህ አይሞላም። የሁለቱን ከተሞች የመረጃ ሰንጠረዦች ዞን ሳያስተካክል የደባለቀ ባለሙያ ሐረርን ወለጋ ውስጥ፣ በነቀምቴና በግምቢ መካከል ያገኛታል።

ሁሉን በአንድ የልኬት ሥርዓት ማስቀመጥ ይህን ይፈታል፤ መሠረታዊውን ችግር ግን አይፈታም። መሬት ወርድና ቁመት አላት፤ የኮምፒውተር ማኅደር ግን አንድ ረድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ካናዳ ውስጥ የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጋይ ሞርተን ሁለቱን ልኬቶች አሰባጥሮ አንድ ቁጥር የሚያደርግ ስልት አቀረበ። አብዛኞቹ ጎረቤታሞች አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን መለያየታቸው አይቀርም። ጎረቤትን ሁሉ ሳይለያይ በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጥ ቅደም ተከተል የለም። ለፈጣሪ ሁሉም ቅርብ ነው፤ የፍለጋ ማውጫ (ኢንዴክስ) የሚያስፈልገው ውስን አእምሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 አንቶኒን ጉትማን ያቀረበውን አር-ትሪ የተባለ ኢንዴክስ እወደዋለሁ። እያንዳንዱን ይዞታ በአራት ማዕዘን ይከብበዋል፤ ጥያቄ ሲመጣ ከአራት ማዕዘኑ ውጭ ያለውን በፍጥነት ይተዋል። ውስጥ ያለውን ግን «ሊሆን ይችላል» ብቻ ይላል፤ የሚፈርደው እውነተኛው ወሰን ነው።

የሚያስፈራኝ ለፍጥነት ሲባል ወሰኑን ራሱን ማቅለል ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በእርሻ መሐል የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አስቡ። 4 ሄክታር ደን በ1፡250,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር ስለማይሞላ፣ ሲቀልል ይጠፋል። ስክሪኑ ፈጠነ፤ ታቦቱን የከበበው ጽድና ወይራ ግን ከሰንጠረዡ ወጣ። ያንን ሰንጠረዥ ይዞ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ ዛፍ አለ ብሎ በምን ይጠርጥር?

የቀለለው ቅጂ ይኑር፤ ያለ እሱ ካርታው አይከፈትም። ግን በተለየ ሰንጠረዥ ይቀመጥ፤ የተሠራበት መጠን በስሙ ላይ ይጻፍ። የቀያሹን ወሰን ማንም አይንካው።