ስለ አሮጌ ፋኖስ ዋጋ

ወጣቶች ሆይ፥ የዕቃውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ላይ ሲገዛ ዝም ቢል በደል ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በአንድ ፋኖስ ምክንያት ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፥ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም.፥ ሰዎች ማታ ማታ ያነቡባቸው የነበሩትን የጠረጴዛ ፋኖሶች መሰብሰብ እወዳለሁ። ጄምስ ያንግ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከድንጋይ ከሰል የመብራት ዘይት የሚወጣበትን ዘዴ በ1850 በስሙ አስመዘገበ፤ በ1865 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ሠሪ ሂንክስ ጎን ለጎን የሚነዱ ሁለት ጠፍጣፋ ክሮች ያሉትን ፋኖስ አወጣ። ብርሃኑ ደማቅ ነው፤ ዘይት ግን አይጠግብም።

እንዲህ ያለውን ፋኖስ የሚገምት ሰው አስቀድሞ ውበቱን አይመልከት። ክሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ አዙሮ የሠሪው ስም ተቀርጾበት እንደ ሆነ ይይ። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ተበስቶ እንደ ሆነም ይመርምር፤ የተበሳ ፋኖስ ዋጋው ይወድቃልና። ከላይ የሚደፋው መስተዋት የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ፋኖስ መጥቶ የተገጠመ? ናሱንም እንዲያብረቀርቅ ብሎ አጥብቆ የወለወለው ሰው የመቶ ዓመት መልኩን ገፎ ጥሎታል። ይህን ሁሉ የተማርሁት በብዙ ድካም ስለ ሆነ፥ «የደከምሁበትን እውቀት ስለ ምን በነጻ እሰጣለሁ?» እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር።

ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አንሥቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወደ ገባባት ወደ ሮዶስ ደረሰ፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እንደሚመጡ ለገዢዎቹ መንገር ይገባዋልን? ባቢሎናዊው ዲዮጋንስ ዝም ማለት መሸሸግ አይደለም አለ፤ አንቲጳጥሮስ ግን መንገር አለበት ብሎ ተከራከረ። ሲሴሮም ለአንቲጳጥሮስ ፈረደ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ አግኝቶ፥ መልሶ ሸሽጎ፥ እርሻውን ስለ ገዛው ሰው በወንጌል ስናነብ፥ «ለባለ እርሻው ነገረው ወይ?» ብዬ መምህሬን ጠየቅሁ። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት እንጂ ስለ ንግድ አይደለም ብለው አስቀመጡኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም።

በገበያ ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ሲገናኝ ዝምታን አልነቅፍም፤ ያኛውም መርምሮ ማወቅ ይችል ነበርና። ነገር ግን አንድ ሰው አምኖ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ቢጠይቅህ ገማች አድርጎሃል፤ ከዚያ ወዲያ ለራስህ ስትገዛ በሁለት ወገን ትቆማለህ።

በ2009 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ዘመድ ልጠይቅ ወደ በርሚንግሃም ሄጄ ነበር። አንዲት ጎረቤት ባልቴት ወደ ትንሽ ቤት ሊዛወሩ ዕቃቸውን ሲያወጡ፥ ፋኖስ እንደምወድ ሰምተው አስጠሩኝ። ፋኖሱ የእናታቸው ነበረ። ቁልፉን ባዞረው የሂንክስን ስም አየሁ፤ ማጠራቀሚያው አልተበሳም፤ ቀዩም መስተዋት የራሱ ነው።

«እርስዎ መምህር ነዎት፤ ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

ከመቶ ሃምሳ ፓውንድ እንደማያንስ እያወቅሁ «ሃያ» አልሁ። አመስግነው ሰጡኝ፤ ሻይ አፈሉልኝ፤ በሚመጣው ሳምንትም የሟች ባላቸውን የግድግዳ ሰዓት እንድገምትላቸው ለመኑኝ።

ማታ ፋኖሱን አብርቼ መጽሐፍ ገለጥሁ። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አልገባኝም። በዘጠነኛው ቀን መቶ ሠላሳ ፓውንድ ይዤ ሄድሁና እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉ፤ ፋኖሱንም እንዳስቀረው ፈቀዱልኝ። ሰዓቱ ከግድግዳው ወርዶ፥ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ላነሣው እጄን ብዘረጋ፥ «ይተዉት፤ ሌላ ሰው ያየዋል» አሉኝ።