ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ነሐስ

ነሐሴ 23 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.)፣ ቤጂንግ። በኦሎምፒኩ የሴቶች ከፍታ ዝላይ ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ሾንቴ ሎው 1.99 ሜትር ዘለለች፤ ከዚያ በላይ አልሆነላትም፤ 6ኛ ወጣች። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ዓመት ቢሞላት ነው። የሰው ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። የቤልጂየሟ ቲያ ሄለባውትና የክሮኤሺያዋ ብላንካ ቭላሺች ሁለቱም 2.05 ዘለሉ፤ ወርቁን የወሰደችው በመጀመሪያ ሙከራዋ ያለፈችው ሄለባውት ናት። ቭላሺች ያለፈችው በሁለተኛው ነበር። (እኔ እስካሁን ለቭላሺች አዝናለሁ።) 6ኛን ማን ያስታውሳል?

በ2016 ከቤጂንግ ጀምሮ ተቀምጠው የነበሩ ናሙናዎች እንደገና ተመረመሩ። 3ኛዋ አና ቺቼሮቫ፣ 4ኛዋ ዬሌና ስሌሳሬንኮ፣ 5ኛዋ ቪታ ፓላማር፤ ሦስቱም ላይ የተከለከለ አበረታች ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ውጤታቸው ተሰረዘ። 6ኛዋ 3ኛ ሆነች። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ አንድ እርምጃ እንኳን ሳትሮጥ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩ የሚታየኝ እንደ ዳታቤዝ ነው። የተሳሳተውን ረድፍ ታገኛላችሁ፣ 6 የሚለውን 3 ታደርጋላችሁ፣ ሰንጠረዡ ከዚያ በኋላ እውነቱን ይናገራል። ነገር ግን ስህተቱ ሳይታወቅ በዚያ ረድፍ ላይ ተመሥርተው የተላኩ ደረሰኞችና የተሰጡ ውሳኔዎች አብረው አይታረሙም። ሎው በእነዚያ ስምንት ዓመታት ስሟ ሲጠራ "የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያ" የሚል ቅጥያ አልነበረውም። የሽልማት መድረኩ ላይ አልቆመችም። መዝገቡ ተስተካከለ፤ ያ ምሽት ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ሁለት ዕዳ አለ ባይ ነኝ። አንዱ ለእውነት የሚከፈል ነው፤ እሱ ቢዘገይም ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ መከፈሉም ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ለሴትየዋ የሚከፈለው ነው። እሱን የሚከፍል የለም። "ፍትህ ተገኘ" የሚል ርዕስ ሳይ ቅር የሚለኝ የመጀመሪያው መከፈሉ የሁለተኛውን ስለሚያስረሳ ነው።

"ለበጎ ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደግሞም ማስረጃ አያጣም። ሎው በ2010 2.05 ዘላ የአሜሪካን ሪከርድ ሰበረች፤ በ2012 ኢስታንቡል ላይ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ያኔ ሜዳሊያ ቢሰጣት ይሄን ያህል ትታገል ነበር? እንጃ። ማንም ያንን ሌላ ሕይወት አላየውም። ቤታችን ውስጥ ሥራ ያጣ፣ ቪዛ የተከለከለ፣ የተካደ ሁሉ የሚሰማት ቃል ናት "ለበጎ ነው"። ተበዳዩ ራሱ ሲላት ደስ ይለኛል፣ ጥንካሬ አለባት። ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ ግን ለበዳዩ የተሰጠች ይቅርታ ትመስለኛለች፣ ያውም ተበዳዩ ሳይጠየቅ። ያ 2.05 የሎው ነው። ለሰረቋት ሰዎች ምንም ምስጋና የለውም።

"ለመሆኑ 1.99ኙን ማን ወሰደባት? ዝላዩ የሷው አይደል?" የሚልም አለ። ይሄ ይከብዳል። እዚህ ላይ የሪዮ ኦሎምፒክን አስቡ። ያ የሆነው በዚያው በ2016 ነሐሴ፣ የቤጂንጉ ነሐስ ገና ሳይደርሳት ነው። አራት ሴቶች እኩል 1.97 ዘለሉ። ባልተሳኩ ሙከራዎች ብዛት ተለይተው ወርቁ ለስፔኗ ሩት ቤይቲያ፣ ብሩ ለቡልጋሪያዋ ሚሬላ ዴሚሬቫ፣ ነሐሱ ለቭላሺች ሆነ። ሎው 4ኛ። ወርቅ ካገኘችው ጋር እኩል ዘላ ባዶ እጇን ቀረች! ከቤጂንጉ ይልቅ ይሄ የበለጠ ያንገበግባል። ግን ማንም አልበደላትም፤ ሕጉን አራቱም ከመጀመራቸው በፊት ያውቁታል። ቤጂንግ ላይ ደግሞ ከወርቁ ስድስት ሴንቲሜትር ርቃ ተበድላለች። ስለዚህ በደልን ባጣነው ነገር ትልቅነት የምንለካው ከሆነ ሒሳቡ አይሠራም። ሪዮ ላይ ሕጉ ቀደማት፤ ቤጂንግ ላይ ከሷ ጋር በአንድ ሕግ ሥር ያልነበሩ ሰዎች ቀደሟት። 1.99ኙ የሷ መሆኑ እውነት ነው፤ ውድድሩን ግን ወስደውባታል።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። ከዚያ ፍጻሜ አንድ ቀን በፊት፣ እዚያው ቤጂንግ፣ በ5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አብይለገሰ ብር፣ መሠረት ደፋር ነሐስ ወሰዱ። የኤልቫን ውጤት በ2017 ተሰረዘና የመሠረት ነሐስ ወደ ብር ተለወጠ። አሁን አጠገባችሁ ያለውን ሰው "መሠረት ቤጂንግ ላይ ምን ነበር ያገኘችው?" ብላችሁ ጠይቁት። ነሐስ የሚላችሁ ይመስለኛል።