ሣጥኑን ስንመርጥ የማንን ገመና እንሸጣለን?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ዘንድ የኬብል ቴሌቪዥን ማቋረጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሂሳቡ በየወሩ መቶ ዶላርን አልፎ ይመጣል፤ ከተደረደረው የቻናል ብዛት ውስጥ ግን ቤተሰቡ የሚያየው ስድስት ወይም ሰባት ቢሆን ነው። ታክሲ ሲነዳ ውሎ፣ ወይም ሆስፒታል ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የሚገባ ሰው ለማያየው ነገር የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ኬብሉ ይቆረጥና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ሣጥን፣ ወይም ጣት የምታክል ስቲክ ትገዛለች። የሚፈለገው ሁሉ በኢንተርኔት በኩል ይመጣል።

ሥራዬ ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ «ወንድሜ፣ የትኛውን ሣጥን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የሚጠየቀው ሁልጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ነው። እኔ እዚህ ማንሳት የምፈልገው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የሣጥኑን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፍለውስ በምንድን ነው? ብዙዎቻችን ይህ የሸቀጥ ጉዳይ እንጂ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይመስለንም። እኔ በዚህ አልስማማም።

አስቀድመን የንግዱን ጠባይ እንመልከት። ሮኩ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ሣጥኑን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ ከዚያ እጅግ የተሻለ ስቲክ በ30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ዕቃው ተሻሽሎ ዋጋው የወረደው በቴክኖሎጂ እድገት ብቻ ነው የሚል ካለ የኩባንያውን ሂሳብ ይመልከት። በ2023 ከጠቅላላ ገቢው 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 3 ቢሊዮን የሚሆነው የተገኘው ከማስታወቂያና ከመሰል አገልግሎቶች ነው። ሣጥኖቹን ራሳቸውን የሸጠው በኪሳራ ነበር። ነጋዴ ዕቃውን ከከሠረበት በታች እየሸጠ የሚከብር ከሆነ የሚሸጠው ሌላ ነገር አለው ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሽንኩርት እስከ ልብስ የሚቸረችረው ዎልማርት፣ ቪዚዮ የተባለውን የቴሌቪዥን አምራች በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ቸርቻሪ የቴሌቪዥን ኩባንያ ምን ያደርግለታል? ሽንኩርት የሚገዛው ሰው ማታ ማታ ምን እንደሚያይ ማወቅ ይጠቅመዋል እንጂ!

ይኸው ቪዚዮ በ2017 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኒው ጀርዚ ግዛት ጋር ሆኖ ከስሶት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ክሱ 11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች በየሰው ሳሎን ተቀምጠው በስክሪናቸው ላይ የሚታየውን በየሰከንዱ እየመዘገቡ ይልኩ ነበር የሚል ነው። ባለቤቶቹ በቅጡ አልተጠየቁም። የተላከውም የፊልም ስም ብቻ አልነበረም። የቤቱ ሰዎች ዕድሜ፣ ጾታ፣ ገቢ፣ የትምህርት ደረጃና የጋብቻ ሁኔታ ከዚያው ጋር እየተዛመደ ለሌሎች ይሸጥ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ በስክሪኑ ላይ ካለው ምስልና ድምፅ ጥቂት ነጥቦችን ይወስድና እንደ ጣት አሻራ አድርጎ ወደ ኩባንያው ይልካል። እዚያ ካለው ክምችት ጋር ይመሳከርና ምን እንደታየ ይታወቃል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሣጥኗ ሳትሆን ቴሌቪዥኑ ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ውድና ጨዋ የሚባለውን ሣጥን ገዝቶ የሰካ ሰው፣ ቴሌቪዥኑ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ከሆነ፣ ምስሉ በገመዱ በኩል ሲመጣም ሊቀዳበት ይችላል። በር ዘግቶ መስኮት መክፈት ይሏል ይህ ነው።

አያቶቻችን ዜና አንባቢው በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር እየተባለ ሲሳቅ ሰምተናል። «ሰውዬው አያይዎትም እኮ!» ይባሉ ነበር። ሳቁ ያን ጊዜ ትክክል ነበር።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ወገን አለ። ይህ መልስ ጨዋ ይመስላል፤ እኔ ግን ያልታሰበበት ይመስለኛል። በ1987 ፕሬዝዳንት ሬጋን ዳኛ ሮበርት ቦርክን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ባጩበት ወቅት፣ እዚሁ ዋሽንግተን አንድ ጋዜጠኛ ዳኛው ከሚከራዩበት የቪዲዮ ሱቅ ሄዶ የተከራዩትን ፊልሞች ዝርዝር አገኘ። 146 ፊልሞች ነበሩ። ዝርዝሩ በጋዜጣ ወጣ። አሳፋሪ ነገር ተገኘበት? አልተገኘም፤ ማንኛውም ሰው ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያያቸው ፊልሞች ናቸው። ሆኖም የምክር ቤቱ አባላት፣ ዳኛውን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም፣ ደነገጡ። በ1988 የቪዲዮ ኪራይን ዝርዝር ያለ ተከራዩ ፈቃድ ማውጣትን የሚከለክል ሕግ አጸደቁ። ያስደነገጣቸው ኃጢአት አልነበረም፤ ሰው በቤቱ ውስጥ የሚያደርገው ነገር የእርሱ መሆኑን በገዛ ራሳቸው ላይ ስላዩት ነው። ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ሲቀርብ በሩን የሚዘጋ ሰው እኮ የሚበላው ሐራም ስለሆነ አይደለም።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። በ2011 አሶሼትድ ፕሬስ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሲቪል የለበሱ ሰዎችን ወደ ሙስሊሞች ካፌና ሱቅ እየላከ ያስጻፈውን መዝገብ ይፋ አውጥቷል። ከተመዘገቡት ነገሮች መካከል በካፌው ቴሌቪዥን ላይ አልጀዚራ መታየቱ ይገኝበታል። አንድ ሙስሊም ሻይ እየጠጣ ያየው ዜና በፖሊስ መዝገብ ገባ ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ በ2012 በመሐላ ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንድም የሽብር ምርመራ እንዳልተከፈተ ተናግረዋል። ክፍሉ በ2014 ተበተነ። በ2020 ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ሙስሊሞች የሶላት ሰዓት የሚያዩበት አንድ የስልክ መተግበሪያ፣ የተጠቃሚዎቹ መገኛ ቦታ በደላላ በኩል አልፎ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ኩባንያዎች እጅ ይደርስ እንደነበር ተጋለጠ። ለማስታወቂያ ተብሎ የተሰበሰበ ነገር ለማስታወቂያ ብቻ አይቀርም። የኒው ዮርኩ ሰላይ ቢያንስ ካፌ ድረስ ሄዶ የሻይ ሂሳብ ይከፍል ነበር። ለዛሬው ሰላይ ሣጥኑን ገዝተን፣ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔቱንም ከፍለን የምናስቀምጥለት እኛው ነን።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። «ተስማምቻለሁ የሚለውን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ባደረግሁት ማን ምን አገባው?» ይባላል። አንድ ሰው የራሱን ገመና አውጥቶ ቢሸጥ ምናልባት የራሱ ጉዳይ ነው እንበል። ነገር ግን ሳሎን የአንድ ሰው አይደለም። ሪሞቱን ይዞ ቁልፉን የተጫነው አባወራው ነው፤ የሚመዘገቡት ግን ሚስት፣ ልጆች፣ ለእንግድነት የመጣች አክስት፣ ለዒድ የተጠራ ጎረቤት ናቸው። ቤቱ ለእነርሱ አማና ነው። ሊቃውንት ሰው ቤት ሲገባ ፈቃድ ስለመጠየቅ ሲያስተምሩ ዋናው ቁም ነገር የእግር መግባት ሳይሆን የዓይን መግባት መሆኑን ያስረዳሉ። በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለው ተጀሱስም፣ ማለት የሰውን ነውርና ምስጢር ተከታትሎ መሰለል፣ ሰላዩ ሰው ካልሆነ ይፈቀዳል የሚል አንቀጽ የለውም። እኛ ደግሞ እዚህ ላይ የተሰለልን ብቻ አይደለንም፤ ሰላዩን አስገብተን ያስቀመጥን ሰዎችም ነን።

እናቴ ከደሴ መጥታ ስድስት ወር ከእኛ ጋር በተቀመጠችበት ጊዜ ይህን ነገር ጠየቅኋት። ቀን ቀን ብቻዋን ስትሆን ቴሌቪዥኑ የእርሷ ነበር። «እማ፣ ይህ ዕቃ የምታይውን እየመዘገበ ለነጋዴ ይናገራል፤ ይመዝግብ ወይስ ልዝጋው?» አልኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ነገሩ እውነት መሆኑን ስትረዳ፣ «ልጄ፣ እና እስከዛሬ ሰዉ ይህን እያወቀ ነው ፊቱ የሚቀመጠው?» አለች። ከዚያም «ዝጋው» ብላ ወደ ሶላቷ ሄደች። ለብዙ ሳምንታት ከቴሌቪዥኑ ፊት ስታልፍ በጥርጣሬ ታየው ነበር። ባለቤቴ በዚህ ብትስቅም የእናቴ ጥያቄ መልስ የሚሻ ይመስለኛል።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ከኢንተርኔት ተለይቷል፤ የይለፍ ቃሉ አልተሰጠውም። ለዜናና ለኳስ አንቴና አለን። ብዙ ሰው ረስቶታል እንጂ በዚህ ከተማ 4፣ 5፣ 7 እና 9 ቁጥር ጣቢያዎች በአየር ላይ በነፃ ይመጣሉ፤ አንቴና ደግሞ ይቀበላል እንጂ መልሶ ምንም አይልክም። ለቀረው የአፕልን ሣጥን ገዝተናል። ዋጋው 130 ዶላር አካባቢ ነው። ኩባንያው ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ትርፉን ከዕቃው ሽያጭ ስለሚያገኝ እኛን የመሸጥ ፍላጎቱ ያነሰ ነው ብዬ ስላሰብኩ ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚጫኑት የየኩባንያው መተግበሪያዎች ግን የታየባቸውን ማወቃቸው አይቀርም። ፍጹም የሆነ መፍትሔ አላገኘሁም።

በዚህ ምርጫ ውስጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። የ30 እና የ130 ዶላር ልዩነት ለአንዱ ምንም አይደለም፤ አራት ልጆች ይዞ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ግን የሳምንት አስቤዛ ነው። እንግዲህ በቤት ውስጥ ሳይታዩ መቀመጥ ገንዘብ ያለው የሚገዛው ነገር ሆኗል ማለት ነው። ርካሹን ለገዛ ወንድም ስለ ጥንቃቄ የምሰብክበት አንደበት የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ርካሹም ቢሆን፣ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ከፍቶ የእይታ መረጃ የሚልከውን ማጥፋት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ማጥፊያው ሆን ተብሎ ተሸሽጓል፤ እየተፈለገ ይገኛል። ቤተሰቡንም ሰብስቦ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ዓይነት ሣጥን ነው። አንድ ጊዜ 200 ወይም 300 ዶላር ይከፈልበትና የዓለም ቻናል ሁሉ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይከፈታል የሚባለው። በየስብሰባው የሚወደሰው እርሱ ነው። «ኩባንያዎቹ ሀብታም ናቸው፣ ምን ይጎድልባቸዋል?» ይባላል። የሀብታም ንብረት መስረቅ ተፈቅዷል ያለ ዓሊም አላውቅም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ይህን ለማይቀበል ሌላ ማስረጃ አለ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ፣ ባድቦክስ 2.0 የተባለ መረብ ርካሽ የቴሌቪዥን ሣጥኖችን እንደያዘ አስጠንቅቋል፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ወይም ሲተከሉ ተበክለው የሚመጡ ናቸው። በሚቀጥለው ወር ጉግል ክስ ሲመሠርት የተያዙት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገለጸ። እነዚህ ሣጥኖች የቤቱን የኢንተርኔት መስመር ለማይታወቅ ሰው ያከራያሉ። ወንጀለኛው ስርቆቱን የሚፈጽመው በእናንተ አድራሻ ነው፤ ዱካው ሲፈለግ የሚገኘው በእናንተ በር ላይ ነው።

እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁትም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። መርካቶ የሚሸጠው ስማርት ቴሌቪዥን እዚህ ካለው ጋር ወንድማማች ነው፤ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥም ሣጥን አይጠፋም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ መልካም ነው። አዋጅ ግን ሳሎን ገብቶ ቁልፉን አይጫንልንም። የእህቴ ልጅ ባለፈው ረመዷን፣ «አጎቴ፣ ያንን ሁሉን የሚከፍተውን ሣጥን ላክልኝ፣ ሠፈር ውስጥ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። የማልልክበትን ምክንያት በሁለት ገጽ ጻፍኩለት፤ የሚስማማውን ሌላ ዓይነት እንደምገዛለትም ነገርኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።